ጋሽ ፍሬን አፉን የከፈተ ዕለት

የምስራች! ተናገረ! በገዛ አፉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ እየሰማ፣ የጀመረውን ነገር መሃል ላይ ሳያቆም እስከ ጫፉ ተናገረ! «ማን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ወሬውን አስቀድሜ ሰውየውን ማስከተሌ ደስታ ቢያጣድፈኝ ነው። ጋሽ ፍሬን ነዋ! አዎ፣ ያው ጋሽ ፍሬን። የምታውቁት ወንበር ያዙ፣ ልትወድቁ ትችላላችሁ። የማታውቁት ደግሞ ተቀመጡና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ ፍሬን ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ግን በአውቶቡሱ ፍሬን አይደለም፣ በአፉ ነው። ወሬ ይጀምራል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይሄዳል፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ሕፃን ዘሎ የገባበት ይመስል ቀጥ! «እኔ እንኳ የሚመስለኝ...» ይልና ቀጥ። «ትናንት አንድ ሰውዬ...» ይልና ቀጥ። የቀረውን ሰሚው እንደ ልቡ ሁኔታ ይሞላዋል። አንዴ አንዱ ጎረቤት ልጁን ሊድር ሲል ስለ ሙሽራው ጠባይ ጠየቀው። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ብቻ...» አለና ቀጥ አለ። ሰርጉ ሊፈርስ ምን ቀረው! ሽማግሌ ተልኮ፣ ተለምኖ፣ ተጨቅጭቆ ዓረፍተ ነገሩ ቢጨረስ «ብቻ ቁመቱ ትንሽ አጠር ይላል» ሆኖ ተገኘ።

የሚነዳው መስመር ከትልቁ ገበያ ተነስቶ ኮረብታው ሥር ያለው አሮጌ ሰፈር ድረስ ነበር። እዚያ መንገዱ ያልቃል። አውቶቡሱ አቧራማ ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ ይዞራል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ጋሽ ፍሬን «መጨረሻ ፌርማታ!» ብሎ ይጣራል። ሳያቋርጥ የሚጨርሳት ብቸኛ ንግግሩ እሷ ነበረች። ሜዳው ዳር አንዲት ክፍል ቤት ነበረች፣ ሰማያዊ መስኮት ያላት። መስኮቷ ሥር የስፌት ማሽን፣ ከማሽኑ ኋላ ደግሞ እትዬ መርፌ።

እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ልጃቸው ገና ዳዴ ስትል ሞቶባት፣ ልጇን በክርና በመርፌ ያሳደገች ሴት። ጠዋት ጠዋት ክርና ቁልፍ ልትገዛ ገበያ ትወርዳለች፣ ስትመለስ ደግሞ ጠርዙ ያልተቀመቀመ ቀሚስ ወይም ሱሪ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አውቶቡስ ውስጥ እየሰፋች ትመጣለች። ብርሃን አለው ብላ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከሹፌሩ ጀርባ ነው። ጋሽ ፍሬን በመስታወቱ ያያታል፦ አንገቷን ደፍታ፣ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ መርፌውን ከንፈሯ መሃል ሰክታ። እንግዲህ መርፌ በአፏ የያዘች ሴት ከኋላው ተቀምጣ ማን ጨክኖ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል? እሷ የተሳፈረች ቀን አውቶቡሱ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ኩርባው ላይ በዝግታ፣ ጉብታው ላይ በልምምጥ። እሷ የሌለች ቀን ግን ያው እንደ ማንኛውም አውቶቡስ ነው፣ ኩላሊትን ከቦታው ያነሳል። ተሳፋሪው ይህን ስላወቀ እንቁላል የገዛ፣ እርጉዝ ያጀበ፣ ወገቡን የታመመ ሁሉ ገበያው ፌርማታ ላይ ቆሞ «ልብስ ሰፊዋ አለች?» እያለ ይጠይቅ ነበር። «የለችም» ከተባለ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ተነጋገሩ? ምንም! ከጋሽ ፍሬን ጭንቅላት በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ «ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው»። ያን ጽሑፍ በመላው አውቶቡስ ያከበሩት ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ሌላው ሕዝብ ጽሑፉን ተደግፎ ለሹፌሩ አማቱን ያማለት ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ለመንገድ ነው አሉ፣ ኋላም ለሕንፃ ነው አሉ፣ ብቻ ፈረሰ። ነዋሪው እንደ ተበተነ ዶቃ በከተማው ዳርቻ ባሉ ፎቆች ተዘራ። አንዱ ምሥራቅ፣ አንዱ ምዕራብ። መስመሩም ተሰረዘ፣ ወደሌለ ሰፈር የሚሄድ አውቶቡስ የለማ። ጋሽ ፍሬን ጡረታ ወጣ። አላገባም፣ አልወለደም። «ለምን?» ሲባል «ነገሩማ...» ይልና ቀጥ።

እንግዲህ ወሬው የሚጀምረው ጸጉር አስተካካዩ ቤት ነው። እሱን ሬዲዮ ነው የምንለው፣ ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጸጉራችሁን ብትቆረጡ ይገባችኋል። ከፎቆቹ በአንዱ ሥር መስታወትና ወንበር ዘርግቶ፣ የድሮ ደንበኞቹ ከተማውን አቋርጠው እየመጡ ይቆረጡበታል። ጸጉር የሌላቸው እንኳ ይመጣሉ፣ ለወሬው። ያን ቀን ጋሽ ፍሬን እስከ አንገቱ ጨርቅ ተጠምጥሞበት እጁም እግሩም ታስሮ እንደ ጥጥ ከረጢት ተቀምጧል።

«ሰማህ?» አለው ሬዲዮ።

«ምን?»

«እትዬ መርፌ ልትሄድ ነው።»

ጋሽ ፍሬን ጭንቅላቱን ዞር አደረገ። መቀሱ ጆሮውን ለጥቂት ሳተው።

«ቀጥ በል እንጂ አንተ ሰው! ጆሮህን ልቆርጠው ነበር እኮ። ኋላ በምን ትሰማኛለህ?»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ልጇ ጋ ነዋ! ያቺ ሌላ ከተማ ያገባችው። ምን ታድርግ? ከላይኛው ፎቅ ላይ ሰቅለዋታል፣ አሳንሰሩ ከተበላሸ ሰነበተ፣ ጎረቤቷ በር ዘግቶ ነው የሚኖረው። ባለፈው አስነጥሷት ‹ይማርሽ› የሚላት ብታጣ ራሷ ለራሷ ‹ይማረኝ› አለች አሉ። ልጇ ይህን ስትሰማ አልቅሳ ‹በቃ፣ እኔ ጋ ትመጫለሽ› አለቻት። ጠቅልላ ነው የምትሄደው። የድሮ ሰፈር ጉዟችን ካለቀ በማግስቱ።»

ጉዞው የሬዲዮ ሐሳብ ነበር። የአማቹን አሮጌ አውቶቡስ ለምኖ፣ ነዳጅ አስሞልቶ፣ የተበተነውን ሰው ከየፎቁ ለቅሞ ሰፈሩ የነበረበትን ቦታ አብሮ ሊያይ አቅዷል። ጋሽ ፍሬን ሊነዳ ቃል ሰጥቷል።

«ታዲያ ለእኔ...» አለ ጋሽ ፍሬን። ቀጥ።

«ለምን ነገርኸኝ ልትል ነው? ኧረ ተው! እኔ የማላውቅ መሰለህ? ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እንቁላል ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ! ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«እኔ እኮ ደጃዝማችነት አልፈለግኩም።»

«አዎ፣ አንተ የፈለግከው ሌላ ነው። እሱም ሻንጣውን እያሰረ ነው» አለና አንገቱን በብሩሽ አራገፈለት።

ጋሽ ፍሬን ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣ። ምን እንደሚላት ቤቱ ውስጥ ተለማመደ። ግን መሪ ካልጨበጠ ሐሳብ አይመጣለትም፣ የልማድ ነገር ነው። ስለዚህ የትልቁን ድስት ክዳን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ እያዞረ «እትዬ፣ እኔ ከድሮም ጀምሮ...» ይላል። ኩርባው ላይ ሲደርስ ቀጥ። እንደገና ከገበያው ይነሳል። «እትዬ፣ እኔ ከድሮም ጀምሮ...» ቀጥ። ስንት ጊዜ ተመላልሶ ስንት ጊዜ እንደቆመ ክዳኑ ይቁጠረው።

የጉዞው ጠዋት ደረሰ። አውቶቡሱ ከፎቅ ፎቅ እየዞረ ሰው ለቀመ። ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች፣ ጉልበቷን እያሻሸች፣ እያማረረች፣ እየሳቀች። ጫማ ሰፊው ገባ፣ ከዳቦ ጋጋሪዋ በተቻለ መጠን ርቆ ተቀመጠ። ሁለቱ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ነበሩ። በመሃላቸው ባለች አንዲት ጠባብ የውሃ መውረጃ ቦይ «ድንበሬን ገፋህ፣ ድንበሬን ገፋሽ» ሲባባሉ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ አልታረቁም። ቤቱ የፈረሰበት ሁሉ ሲያዝን ጫማ ሰፊው «ይሁን፣ ቦዩም አብሮ ፈረሰ» ብሎ የተጽናና ሰው ነው። በመጨረሻ እትዬ መርፌ መጣች። ግራጫ ሹራብ ለብሳለች፣ ከማትለያት የጨርቅ ቦርሳዋ ጋር። ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። አውቶቡሱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሬዲዮ እንኳ ለትንሽ ጊዜ ጠፋ።

«እንደምን አደሩ?» አለች እትዬ መርፌ ለሁሉም።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ሁሉም። ጋሽ ፍሬን በመስታወቱ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

አውቶቡሱም መንሳፈፍ ጀመረ። ምን መንሳፈፍ ብቻ! ብስክሌት ቀደመው። አንዲት ዘንቢል ያንጠለጠለች እናት ቀደመችው።

«ኧረ ጋሽ ፍሬን!» ጮኸ ሬዲዮ፣ «የፈረሰው ሰፈር እኮ ነው፣ እኛ እስክንደርስ ተመልሶ ሊሠራ ነው!»

እትዬ መርፌ ከኋላ ሳቀች። ሳቋ ጋሽ ፍሬን ማጅራት ላይ ደረሰ። መሪውን ጭብጥ አድርጎ አፉን ከፈተ። «እትዬ...» አለ።

«አቤት?»

«...መስኮቱ ይነፍስብዎታል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«እንግዲያውስ...» አለና ቀጥ።

ከተማው መሃል ሲደርሱ ደግሞ መንገዱ ጠፋ። ሰፈርተኛው መንገድ መምራት ጀመረ፣ እንደ ልማዱ በሌሉ ነገሮች።

«ትልቁ ዛፍ ጋ ወደ ቀኝ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«ዛፉ ተቆርጧል እኮ!»

«ታዲያ የተቆረጠበት ጋ!»

«ወፍጮ ቤቱን አልፈህ ወደ ግራ፣ ጋሼ!»

«የቱን ወፍጮ ቤት? ባንክ እኮ ነው አሁን!»

«ስሙማ፣ ባንኩን አትዩት፣ ወፍጮ ቤቱን እዩ!»

ጋሽ ፍሬን ማንንም አልሰማም። ሐሳቡ ሁሉ «ከድሮም ጀምሮ» የሚለው ላይ ነበር፣ መሪውን የሚያዞሩት እጆቹ ብቻቸውን ናቸው። እጆቹ ደግሞ ከተማው መቀየሩን አልሰሙም። የጥንቱን መስመር ይዘው፣ ከተቆረጠው ዛፍ ታጥፈው፣ ከሌለው ወፍጮ ቤት ዞረው፣ አውቶቡሱን በአንድ ትልቅ የመስታወት ሕንፃ አጥር በር ይዘውት ገቡ። የገበያ ሕንፃ ነው፣ ያን ቀን ዝግ ነበር። የመኪና ማቆሚያው ባዶ ሜዳ ሆኖ ተዘርግቷል። አውቶቡሱ መሃል ሜዳው ላይ ክብ ሠርቶ ዞረ፣ ቆመ፣ በሮቹ ተከፈቱ።

«መጨረሻ ፌርማታ!» አለ ጋሽ ፍሬን።

ሰውም ያለ ምንም ጥያቄ ዕቃ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወረደ! አስፋልቱን ሲረግጥ ነው የነቃው። ጥበቃው ከጎጆው እየሮጠ መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

«እ! እ! ወዴት ነው?»

«ወደ ቤታችን» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሳታስብ።

«እማማ፣ እዚህ ቤት የለም። የመኪና ማቆሚያ ነው።»

«ነበር እንጂ። አንተ እኮ አሁን የቆምክበት ምድጃዬ ነው! ኧረ ውረድ፣ ልጄ!»

ጥበቃው እሳት የረገጠ ይመስል ዘሎ ወደ ጎን ሆነ። ከዚያ ወደ ታች አየ፣ አስፋልት ነው። ወደ ሴትየዋ አየ። ግራ ገባውና «ለአንድ አፍታ ብቻ» አለ።

አንድ አፍታ ይበቃ ነበር፣ ጫማ ሰፊው አፉን ባይከፍት። «ምድጃው እንኳ እዚህ አልነበረም» አለ ረጋ ብሎ፣ «ወዲያ ነው። እዚህ የእኔ ጓዳ ነው።»

«የማን ጓዳ? የማን? ሰዎች፣ ስሙልኝ! ሰፈሩ ፈርሶም ድንበሬን ይገፋል!»

ጭቅጭቁ ተነሳ። ሁሉም ቤቱን መፈለግ ጀመረ፤ አንዱ ከኮረብታው እየለካ፣ አንዱ ፀሐይ በየት ትገባልኝ ነበር እያለ፣ ሬዲዮ ደግሞ አይኑን ጨፍኖ በእግሩ ልማድ እየተራመደ። የውሃ ቧንቧው የት ነበር ተብሎ ብቻ ለሁለት ተከፈሉ፣ ሊደባደቡ ምን ቀራቸው! ይህን ጊዜ እትዬ መርፌ ቦርሳዋን ከፈተች። ልብስ ስትቀድ የምታሰምርበት ጠመኔ ሁሌም አይለያትም። ጎንበስ አለችና አስፋልቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አወረደች፣ እንደ ሱሪ እግር።

«ይኸውላችሁ መንገዱ» አለች፣ «እዚህ ጋ ሜዳው። አሁን ተራ በተራ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! ጠመኔውን ስባሪ ስባሪ አድርጋ አደለቻቸው። ትልልቅ ሰዎች ተንበርክከው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው ሳይቀር፣ ቤታቸውን አስፋልት ላይ ሠሩ። በር፣ መስኮት፣ ጓዳ፣ የዶሮ ቤት። ጫማ ሰፊው ማንም ሳያየው ሁለት ክፍል ጨመረ። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን አየችው፣ መጥታ በእግሯ አጠፋችው፣ እሱ መልሶ ሠራ፣ እሷ መልሳ አጠፋች። ያቺ የውሃ መውረጃ ቦይም በሁለት ቦታ ተሰመረች፣ አንዷ በእሱ አንዷ በእሷ በኩል። ጥበቃው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ተገረመ፣ በመጨረሻ ሬዲዮ ወንበር ስሎለት «ተቀመጥ፣ ቆርጬህ ልሂድ» ሲለው ኮፍያውን አወለቀ።

ጋሽ ፍሬን ብቻ ቤት አልነበረውም። አስባችሁታል? ያን ሁሉ ዘመን ሰፈሩ ድረስ መጥቶ ሰፈሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የእሱ ቦታ ሜዳው ነው። አውቶቡሱን ተደግፎ፣ እጆቹ መሪ አጥተው ሲንከራተቱ፣ ሰው በየቤቱ ሲገባ ያያል። ሜዳው ዳር እትዬ መርፌ አንዲት ክፍሏን ሠርታ ጨርሳለች። መስኮቷን ከቦርሳዋ ባወጣችው ሌላ ሰማያዊ ጠመኔ ሳለችው። ቦርሳዋን ማሽኑ በነበረበት ቦታ አኖረችና አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ወደ አውቶቡሱ አየች።

ጋሽ ፍሬን ከተደገፈው አውቶቡስ ተላቀቀ። ነገ እኮ የለችም። ነገ ቦርሳዋም መስኮቷም የለም። እግሩ ተነሳ፣ ሜዳውን አቋረጠ፣ እንደ ሕልም ሄደ ሄደና...

«ኧረ በስመ አብ!» ጮኸች እትዬ መርፌ። «ግድግዳዬን ጥሰው ነው የሚገቡት?»

ጋሽ ፍሬን ቁልቁል አየ። አንድ እግሩ ጠመኔው ማዶ ነው። ደንግጦ መለሰው። «ይቅርታ፣ እትዬ።»

«በር አለኝ እኮ! በዚያ በኩል!»

ዞሮ ሄደ፣ በሩን አገኘ፣ ፊቱ ቆመ። አንኳኩቶ እንዳይገባ ምኑን ያንኳኳል? «ኳ፣ ኳ» አለ በአፉ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሹፌሩ።»

«ይግቡ።»

ገባ። ሰፈሩ በሙሉ ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ሰጠ። ሬዲዮ የጥበቃውን ራስ ግማሽ ቆርጦ መቀሱን አየር ላይ አስቀረው።

«ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ከቤቷ ሆና።

«ሰው ቤት ታዳምጣላችሁ?» አለች እትዬ መርፌ። «ግድግዳ የለም እንዴ?»

«ድሮስ የጭቃው ግድግዳ መቼ ከልሎን ያውቃል?»

ጋሽ ፍሬን አልሰማም። «እትዬ፣ እኔ ከድሮም ጀምሮ...» አለ። ቀጥ።

«ይቀጥሉ።»

«ከድሮም ጀምሮ...»

«ይህንንስ ብለውታል። ቀጥሎ ያለው ነው የራቀኝ።»

«ጽሑፉ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከሹፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው የሚለው።»

«እኔስ ማንበብ የማልችል መስሎዎት ነው? በየቀኑ ነው የማነበው። ሕግ ነው፣ አከበርኩ።» ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ከድሮ የተጠራቀመ ንዴት ነው መሰለኝ። «ግን እዚህ ሜዳ ላይ ሞተር አጥፍተው ሲቀመጡስ? እኔ መስኮቴን ከፍቼ፣ እርስዎ ያንን ዳቦ ሲያኝኩ፣ በመሃላችን አሥር እርምጃ የማይሞላ መንገድ! ሞተር ሲጠፋም ሹፌር ነዎት እንዴ?»

ጋሽ ፍሬን አሰበ። እውነቱን ለመናገር ይህ መጥቶለት አያውቅም። «ስለ እሱ የተጻፈ የለም» አለ።

ሰፈሩ ሊፈነዳ ደረሰ። ጫማ ሰፊው አፉን በእጁ አፈነ።

«አየሽው የሆነውን!» አለች እትዬ መርፌ ለማንም፣ ምናልባት ለቦርሳዋ። «ስንት ሱሪ ቀመቀምኩ እዚህ መስኮት ላይ፣ ዛሬ ይናገር ይሆን እያልኩ። ያ ጉብታ ላይ ሲደርሱ እንዴት አድርገው እንደሚያልፉት አያለሁ፣ የአውቶቡሱን ነፍስ ይዘው። የእርስዎ አውቶቡስ ላይ መርፌ አንድ ቀን ወግቶኝ አያውቅም። በሌላ ሹፌር የተሳፈርኩ ቀን ጣቴ ወንፊት ሆኖ ነው የምገባው። እንግዲህ ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው ብዬ ሳስብ...» እሷም ቀጥ አለች። ከእሱ ተጋብቶባት ይሆናል።

ያኔ ነው። ያኔ ነው ጋሽ ፍሬን እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ፣ መሪም ክዳንም ሳይጨብጥ፣ ባዶ እጁን ቆሞ የተናገረው።

«አይሂዱ፣ እትዬ። የእርስዎም ፎቅ ሩቅ ነው፣ የእኔም ፎቅ ሩቅ ነው፣ የእኔ ግን ምድር ቤት ነው፣ አሳንሰር አያስፈልገውም፣ መስኮቱም ብርሃን አለው። ሲያስነጥሱ ‹ይማርዎት› እላለሁ። እኔ ጋ ይሁኑ። በወግ፣ በደንቡ፣ ሚስቴ ሆነው።»

አለቀ! ነጥብ አለው! ዳቦ ጋጋሪዋ እልልታዋን ልትለቀው አፏን ከፈተች፣ ጫማ ሰፊው «ቆይ፣ ገና እሺ አላለችም!» ብሎ ክንዷን ያዛት። ከዚያ ክንዷን መያዙን አይቶ ለቀቀ። በስንት ዘመናቸው ድንበር ተሻገረ።

እትዬ መርፌ ጠመኔው ያነጣውን ጣቷን ጠረገች። «ሻንጣዬ ታስሯል» አለች።

«ይፈታል።»

«ማሽኔ ግን ሄዳለች። ልጄ ባለፈው ስትመጣ አስቀድማ ጭናት ሄደች። ያለ ማሽኔ እኔ ምንድን ነኝ? ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልይ?»

«እናምጣት» አለ ጋሽ ፍሬን። እንደ ዋዛ፣ ከገበያ ክር እናምጣ እንደሚል ሰው።

«ከሌላ ከተማ?»

«መንገድ አለ አይደል?»

«አውቶቡስም አለ!» ጮኸ ሬዲዮ፣ ጥበቃውን በግማሽ ጸጉር ትቶ እየሮጠ። «ነዳጁ ሙሉ ነው! አማቼን እኔ እችለዋለሁ!»

እትዬ መርፌ ጋሽ ፍሬንን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ለልብስ እንደምትለካ ዓይነት። «ልጄን እኔ አልነግራትም» አለች። «እናቷን ሊያስቀሩ የመጡት እርስዎ ነዎት፣ የሚነግሯትም እርስዎ ነዎት። አሁን ለእኔ እንዳሉት፣ አንድም ሳያስቀሩ።»

«እነግራታለሁ።»

«ማሽኗንም አይጥሏትም።»

«እንደ እንቁላል ነው የምይዛት።»

«እንግዲያውስ እሺ» አለች፣ ቦርሳዋን አነሳችና፣ በበሩ በኩል፣ በደንብ በበሩ በኩል ወጣች።

የዚያን ጊዜ እልልታ የመስታወቱ ሕንፃ አሁንም ሳይነዝረው አይቀርም። ዳቦ ጋጋሪዋ አለቀሰች፣ ጥበቃው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ፣ ሬዲዮም ተመልሶ ቀሪውን ጸጉር እየተጣደፈ ቆረጠለት፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል ግን ያምርበታል። ሁሉም «እኛም አብረን እንሄዳለን፣ ሽማግሌ ያስፈልጋል» ብሎ ወደ አውቶቡሱ ተጋፋ። ጫማ ሰፊው ብቻ «ሁለት ክፍል ባገኘሁ ማግሥት ጥዬ?» ብሎ አንገራገረ። ዳቦ ጋጋሪዋ በእጅጌው ጎትታ አስገባችው፣ አጠገቧም አስቀመጠችው። እትዬ መርፌም ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። አሁን ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ታወራለች፣ እሱም ይመልሳል። የሚባባሉት አይሰማም ነበር፣ ሬዲዮ እንኳ ጆሮውን ወንበሩ ላይ ለጥፎ ምንም አልያዘም። አውቶቡሱ እየተንሳፈፈ በበሩ ወጣ።

እንግዲህ አሁን፣ ወሬውን ላድርስ ብዬ የቀረሁት እኔ ይህን ስነግራችሁ፣ መንገድ ላይ ናቸው። በዚያ አነዳድ ቶሎ አይደርሱም፣ ግን መድረሳቸው አይቀርም። ኧረ ጉድ! ልጅቷ እኮ ምንም አልሰማችም! ያ ሁሉ ሰው፣ ከነሬዲዮው ከነዳቦ ጋጋሪዋ፣ ደጇ ላይ እልል እያለ ሲራገፍ ስታይ እናቷ ምን ሆነችብኝ ብላ ነው የምትወድቀው። እናቷ አልነግራትም ብላለች፣ ስልኳ ደግሞ ከእናቷ ሌላ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። በሉ ደህና ሁኑ፣ ልሩጥ፣ ሳይቀድሙኝ ልንገራት!